ሳሙና የነካው እንጨት

እና ይኸው ደግሞ ሸሸ፣ ቀለሙ፣ ገና ከመንፋቴ ወደ ዳር ዳር ሸሸና መሃሉን ራቁቱን ተወው፣ አንድ ክብ፣ አጠገቡ ሌላ ክብ፣ ከሥር ደግሞ ጥቃቅን፣ የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰሉ፣ ትናንት ይሄንኑ አይቼ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አጥፍቼው ነበር፣ ዛሬ ጠዋት እንደ አዲስ ነፋሁት፣ ያው፣ እዚያው ቦታ፣ ሌላው ገላው ሁሉ ጥቁር መስተዋት ሆኖ ይሄ ክንድ የሚያርፍበት ጠርዝ ብቻ ቀለም አልቀበልም አለ፣ እልኸኛ፣ እንደ ጌታው። ጌታው ሳሎን ተቀምጧል፣ ባሌ ማለቴ ነው፣ ራዲዮኑ ይሰማኛል፣ እሱ አይሰማኝም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የባሌ ባንድ ድራመር ባዶ ቦርሳውን ይዞ ይመጣል፣ የባሌን ቤዝ ጊታር ሊወስድ፣ እኔ ደግሞ ያለኝ ክር የሌለው፣ አንገቱ የተፈታ፣ ፊቱ የተበሳሳ እንጨት ነው፣ በረንዳዬ ላይ ከልብስ መስቀያው በሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ከተማሪ ዩኒፎርም መሃል፣ ግራና ቀኙ ግራጫ ቀሚስ፣ ነገ እሱም ትምህርት ቤት የሚሄድ ይመስላል። ደከመኝ። ወገቤን፣ ጣቶቼን፣ አፍንጫዬን ሳይቀር ደከመኝ።

ማን አዘዘሽ ቢሉኝ ማንም አላዘዘኝም። ባሌማ ለድራመሩ ውሰደው ነው ያለው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እኔ እዚህ እጅጌ እየገጠምኩ፣ እሱ ሳሎን ስልኩን በቀኝ እጁ ይዞ፣ ና ውሰደው፣ አዲሱ ባሲስት ይጫወትበት፣ እኔ ዘንድ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል፣ ደህና፣ ደህና ነኝ፣ እሷም ደህና ናት፣ ቻው። አለቀ። ልጃችን ሳትወለድ ጀምሮ በየሠርጉና በየሆቴሉ ትከሻው ላይ የኖረውን ነገር እንደ አሮጌ ጃንጥላ ና ውሰደው። እኔ ማሽኑን አቆምኩ፣ ልነሳ አልኩ፣ ሄጄ ምን እለዋለሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ሰፋሁ፣ የሰፋሁትን ተረተርኩ። ከዚያ ድራመሩን ለብቻዬ ደወልኩለት፣ ወንድሜ፣ ትንሽ ታገሰኝ፣ አቧራ ጠጥቷል፣ አጽድቼ ልስጥህ፣ ኧረ ችግር የለም እህቴ፣ እኛ እናጸዳዋለን፣ የለም የለም፣ እንደዚህ ሆኖማ ከቤቴ አይወጣም፣ ሰው ምን ይለኛል። ቅጥፈት። ልሰጠው ከቶ አላሰብኩም፣ ለባሌም አልነገርኩም፣ ምን ብዬ እነግረዋለሁ።

ያሰብኩትማ አውራ ጣቱን ነው፣ የግራ እጁን። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው በኋላ እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ አፉም ተመለሰ፣ አፉማ ድሮም ብዙ ሥራ አልነበረውም፣ ባንዱ ምሰሶ ነው የሚለው፣ ከኋላ ቆሞ ስለማይንቀሳቀስና ስለማይናገር፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፣ የሱ አፍ ዝንብ አይቶ አያውቅም። እጁ ግን ቀረ። ባሲስት ደግሞ ክሩን የሚጫነው በግራ እጁ ነው፣ በአራት ጣት፣ ወዲያና ወዲህ፣ ቀኙ ከታች መምታት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቀኙ ደህና ቢሆንም ምን ዋጋ አለው፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ አንድ ቀን ራዲዮ እየሰማ፣ ግራ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ተረሳ ጓንቲ ተጋድሞ፣ አውራ ጣቱ መታ። ከዘፈኑ ጋር። ድም። ድም ድም። እሱ በመስኮት ነው የሚያየው፣ እኔ ግን አየሁት፣ የቆረጥኩትን ጨርቅ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ዘፈኑ አለቀ፣ ዜና ገባ፣ ጣቱ ተኛ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የቀኝ እጅጌን የግራ ለማድረግ ጨርቁን መገልበጥ ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። እንግዲያው ቤዙ ቢገለበጥስ፣ ደህናው ቀኙ ክሩን ይጫን፣ ግራው በአንድ አውራ ጣት ይምታ፣ ድም፣ ድም ድም፣ ከሱ ሌላ ምን ይፈለጋል። ቀላል ነው አልኩ። አፌን በቆረጠው።

ስልኬ ውስጥ ጊታር ሲያድስ በቪዲዮ የሚያሳይ አንድ ሰውዬ አለ፣ ጺማም፣ የሚያወራውን አልሰማም፣ ቋንቋው ሌላ ነው፣ እጁን ብቻ ነው የማየው፣ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ብናኝ የለችም፣ ይፈታል፣ ይሞርዳል፣ ይቀባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሻይዬ ሳይበርድ እሱ ጨርሶ ይጫወትበታል፣ ውሸታም። እኔ ብሎኖቹን ፈትቼ አንገቱ ከገላው ሲላቀቅ ሰው የሰበርኩ ነው የመሰለኝ። ሽቦዎቹ እንዳይምታቱብኝ እያንዳንዳቸው ላይ ክር አሰርኩ፣ የልብስ ክር፣ ቀይ ከቀይ፣ ነጭ ከነጭ፣ በዚህ እንኳ ከሰውዬው እበልጣለሁ። ከዚያ ያቺ ነጭ ቁራጭ መጣች፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው፣ አራቱ ክሮች ወደ መቃኛቸው ሲሄዱ የሚያልፉባት፣ አራት ጭረት ያላት፣ ክሮቹን ሳገላብጣቸው ወፍራሙ የቀጭኑ ጭረት ላይ ወጥቶ ተጎለተ፣ ቀጭኑ የወፍራሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፣ ሲመቱት ዝዝዝ፣ የአባቱን ጫማ ያደረገ ሕፃን። ጠባቧን በቀጭን ሞረድ አሰፋኋት፣ ሰፊዋን በሱፐር ግሉና በሶዳ ዱቄት ሞላኋት፣ ሁለት ጣቶቼንም አብሬ አጣበቅኩ፣ ያን ቀን በተጣበቁ ጣቶች አንድ ሙሉ ቀሚስ ዘመዘምኩ፣ ደንበኛዋ ምንም አላለችም፣ እንዲያውም ዝምዝማቱ አምሯል አለች።

ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት ትል ነበር እናቴ። እኔ የቀጠልኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፣ የፈታሁትን መልሼ መግጠም ስላቃተኝ ነው። ቀለሙንም መጀመሪያ ልነካው አላሰብኩም፣ ግን ማንገቻው የሚያያዝበት ቁልፍ ወደ ሌላኛው ቀንድ መሄድ ነበረበት፣ ሲሄድ የድሮው ቀዳዳ መደፈን ነበረበት፣ የተደፈነው ነጭ ሆኖ ከጥቁሩ መሃል ዓይን አወጣ፣ ደግሞ ክንዱ ወዲህ ሲመጣ የሚያርፍበት ጠርዝ ሹል ነው፣ የታመመ ክንድ ይቆርጣል፣ መሞረድ አለበት፣ እየሞረድኩ፣ እየደፈንኩ፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ እንጨት ሆነ፣ እንዲህ ሆኖ ለባሌ አይሰጥም፣ ሁሉም ይነሳ። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል፣ እኔ አያያዙን ሳላውቅ ቀደድኩት። አሸሁ፣ አሸሁ፣ ጥቁር አቧራ በጥርሴ፣ በሽንት ቤቱ ሳሙና፣ በማሽኑ ዘይት ውስጥ፣ አንድ ነጭ የአንገት ልብስ ላይ እንኳ። አንድ ቦታ ግን አቃተኝ፣ ቀኝ ክንዱ ለዓመታት የበላው ቦታ፣ ቀለሙ አልቆ፣ እንጨቱ የሰው ወዝ ጠጥቶ የጠቆረበት፣ መዳፌን ሳሳርፍበት ልክ የሱ ክንድ ነው። ዙሪያውን ሁሉ አሽቼ እሱን ተውኩት። ዞሬ ዞሬ መጣሁና እሱንም አሸሁት፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ አቧራው ነው አልኩ፣ የጠየቀኝ ባይኖርም አቧራው ነው አልኩ።

አንድ ነገር ብቻ ተሳካልኝ። እንጨቱ ላይ የመመታት ምልክት ነበር፣ የወደቀበት፣ የመድረክ ጠርዝ የመታው፣ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ፣ ሰውዬው እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ ካውያ ሲያሳርፍበት አየሁና እልል ልል ምንም አልቀረኝ፣ ካውያማ የኔ ነው፣ ልጄ ሳትራመድ ካውያ ይዣለሁ፣ ጨርቁን አረጠብኩ፣ ተኮስኩ፣ ፉፉፉ አለ፣ እንጨቱ እንፋሎቱን ጠጥቶ ከውስጥ ተነፋና ጉድጓዱ ሞልቶ ተነሳ። ብቻዬን ሳቅኩ። ሳሎን ድረስ ተሰምቶ መሰለኝ ራዲዮኑን ዝቅ አደረገው፣ ከዚያ መልሶ ከፍ አደረገው። ምን ሆነሽ ነው አላለም። አንድ ቀን ብቻ፣ ምንድን ነው የሚሸተው አለ፣ ቀለም አልኩ፣ እ፣ አለ። አንድ ቀን ደግሞ ተኝቶ ግራ ክንዱን በሜትር ስለካው፣ ከክርኑ እስከ አንጓው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ለከፈን ነው? አለኝ። ለሸሚዝ ነው አልኩ። እጅጌውን አሳጥሪው አለና ዞሮ ተኛ። እኔ ልኬቱን ይዤ በረንዳ ወጣሁ፣ እንጨቱ ላይ አሰመርኩ፣ ክንዱ እንዲመቸው፣ እንዳይቆረቁረው፣ አሰመርኩ፣ አጠፋሁ፣ አሰመርኩ። እና ይሄ ራሱ ነው አሁን ቀለም አልቀበልም ያለው ቦታ፣ ሌላ ቦታ ቢሆን ምን ነበረበት።

ቀለሙ ነው። ቀለሙ ተበላሽቷል፣ ሌላ ምን ይሆናል፣ ቆርቆሮውን ዘንቢል ውስጥ እጨምራለሁ፣ ስሰፋ የምለብሰውን ባለኪስ መሸፈኛዬን ሳላወልቅ፣ እመጣለሁ እላለሁ በሳሎኑ በር፣ ራሱን ይነቀንቃል። ውጭው ፀሐይ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ያለው ይመስላል፣ ጫማ አዳሹ ተረከዝ ይቸነክራል፣ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ሙሽሮች ቆመው ይጨቃጨቃሉ፣ መኪና እጥበቱ ጋ ውሃው መንገዱን ይዞታል፣ ቀሚሴን ሰብስቤ እሻገራለሁ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጥፍሬ ጥቁር፣ ፀጉሬ ላይ አቧራ፣ ምን እየሠራሁ ነው፣ ሦስት ዩኒፎርም ለነገ ቀጠሮ አለብኝ። ባለ ቀለም ቤቱ ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ ስልኩን ያያል። እናት፣ ደግሞ መጣሽ? ደግሞ መጣሁ፣ ቀለምህ የተበላሸ ነው፣ ቀይርልኝ። ፎቶውን አሳየዋለሁ፣ ስልኬን ያጠጋል፣ ያርቃል፣ ቀለሙ ምንም አልሆነም፣ ከሥሩ ቅባት አለ፣ ምግብ እየሠራሽ ነክተሽው ነው። እኔ? ምግብ እየሠራሁ? ጓንቲ አድርጌ ነው የምነካው፣ ልጄን እንደዚያ ተጠንቅቄ አላሳደግኩም። እንግዲያው የፀጉር ቅባት። ፀጉሬን ታየዋለህ፣ ቅባት ያየ ይመስልሃል? እንግዲያው እኔ ምን አውቃለሁ እናት፣ ብቻ ቅባት ነው፣ የመኪና ቀቢዎችም ይሄው ነው የሚገጥማቸው፣ በቲነር ጥረጊው። እሺ ቲነሩን ስጠኝ እላለሁ፣ ቦርሳዬን ለማውጣት እጄን መሸፈኛዬ ኪስ ውስጥ እሰዳለሁ፣ ጣቴ የሚነካው ቦርሳዬን አይደለም።

ሳሙና።

ስባሪዋ፣ ሰማያዊዋ የልብስ ሳሙና፣ መዳፌ ላይ። አያታለሁ። ባለ ቀለም ቤቱም ያያል፣ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ አልነግረውም። ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት፣ ያለቀች ሳሙና አትጣልም፣ ፀሐይ ላይ ትደርቃለች፣ ጠርዟ ይሳላል፣ ጠመኔ ይሰበራል እሷ አትሰበርም፣ ጨርቁ ላይ ታሰምሪያለሽ፣ ትቆርጫለሽ፣ ትሰፊያለሽ፣ አንዴ ሲታጠብ መስመሩ የለም። ጨርቅ ይታጠባል። እንጨት አይታጠብም። እጄ ሳይጠይቀኝ ነው ከኪሴ ያወጣት፣ ያንን ጠርዝ ሳሰምር፣ ሳጠፋ፣ እንደገና ሳሰምር፣ መስመሩ ለስለስ ብሎ ሲሄድልኝ ደስ እያለኝ፣ እያሸሁ ወደ ውስጥ አስገባኋት፣ ሰማያዊው ከዓይኔ ሲጠፋ ጠፋ አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ እኔ አልቸኮልኩም፣ ያ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ከገላው ሁሉ ይበልጥ የተጠነቀቅኩት እዚያች ቦታ ላይ ነው። እስከ እንጨቱ ድረስ ማንሳት አለብሽ ይላል ባለ ቀለም ቤቱ፣ ጠርዙን ብቻ ብታሺው መጋጠሚያው ይታወቃል፣ ሙሉውን ነው፣ እንደ አዲስ። እንደ አዲስ እላለሁ። ቃሏ አፌ ውስጥ ከበደችኝ።

ቲነሩ ዘንቢሌ ውስጥ ይንቦጫቦጫል። እሄዳለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፣ ማንም አልያዘኝም ግን ቀስ ብዬ፣ ሙሽሮቹ ታርቀዋል፣ ጫማ አዳሹ ምሳውን እየበላ ነው፣ እኔ መስኮት አይቼ የማላውቀው ሴትዮ የሰው መስኮት ሁሉ አያለሁ፣ የተሰቀለ ቀሚስ አያለሁ፣ ስፌቱ ጠማማ ነው፣ ምን ቸገረኝ። አሁን እመለሳለሁ፣ አሻለሁ፣ እደፍናለሁ፣ እነፋለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ክሩ ይታሰራል፣ ከዚያ ሽቦው፣ ከዚያ ተሸክሜ ሄጄ ጭኑ ላይ አስቀምጥለታለሁ፣ ከዚያስ። ከዚያስ እሱ ያየኛል። ጣቱ ለራዲዮ መታ እንጂ ለኔ መቼ መታ። ድራመሩ ቀድሞ ቢመጣስ። ተይ እንጂ። ቀድሞ ቢመጣ፣ እኔ ሳልኖር ቢመጣ፣ እንዲያው።

በራችን ላይ የድራመሩ መኪና ቆማለች። መጥቷል። ሳሎን እገባለሁ፣ ራዲዮኑ ለራሱ ያወራል፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ባዶ። ይሄ ሰው ከዚህ ወንበር ያለኔ እጅ ተነስቶ የሚሄደው ሽንት ቤት ብቻ ነው፣ ከዚያ የድራመሩን ድምፅ ከበረንዳው እሰማለሁ፣ እሱ በሹክሹክታም ሲያወራ ሰፈር ይሰማል፣ እንዴ፣ ምሰሶ፣ ምንድን ነው ይሄ፣ ማን ነው እንዲህ ያረደው? ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። እሷ፣ ይላል ባሌ። ኸረ በስመ አብ፣ አጸዳዋለሁ ነበር እኮ ያለችኝ፣ አንገቱስ? ከማሽኑ ሥር፣ በአንሶላ ጠቅልላዋለች። ክሮቹስ? በልብስ ቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ። ሽቦውን ሁሉ ፈታችው እኮ። ክር አስራበታለች፣ ቀይ ከቀይ ነው። ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ይሄን መቼ አየ። በረንዳው ላይ አንድም ቀን አላየሁትም፣ እኔ ገበያ ስሄድ፣ እኔ ልብስ ላደርስ ስሄድ፣ ከዚያ ወንበር ተነስቶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ ያንን ደፍ ተሻግሮ፣ አንሶላውን ገልጦ አይቶ፣ መልሶ ጠቅልሎ፣ እኔ ሳልመጣ ወንበሩ ላይ ተመልሶ፣ ስንት ጊዜ። እኔ ደግሞ ለብቻዬ የደበቅኩ መስሎኝ።

በበሩ ጠርዝ አያቸዋለሁ። እሱ የማሽኔ ዱካ ላይ ተቀምጧል፣ ድራመሩ በቁመቱ ጣራውን ሊነካ፣ ባዶው ቦርሳ በክንዱ ላይ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ስጠኝ፣ የሚያውቅ ሰው ጋ ወስጄ አስገጥመዋለሁ፣ መልሶ ወደ ቀኝ ያዞረዋል፣ እያለ እጁን ወደ መስቀያው ይዘረጋል፣ ቀሚሶቹን ገለል ያደርጋል።

አትንካው።

ድራመሩ እጁ አየር ላይ ቀረ።

አልደረቀም፣ ይላል ባሌ።

ምኑ?

ቀለሙ።

ጠዋት የነፋሁት ቀለም ነው፣ በዚህ ፀሐይ፣ ደርቋል፣ ክው ብሎ ደርቋል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ድራመሩም ያውቃል፣ ከባሌ ከራሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲሸተው ውሏል። ታዲያ መቼ ይደርቃል ምሰሶ? እሷን ጠይቃት። ዞረው ያዩኛል፣ ሁለቱም፣ በሩ ላይ ቆሜ ዘንቢሌ እግሬ ሥር። ባሌ ያየኛል። ከታመመ ወዲህ እንዲህ አይቶኝ አያውቅም፣ የሚለምነኝ አይመስልም፣ የሚያዘኝም አይመስልም፣ የምለውን ብቻ ይጠብቃል። ገና ነው፣ እላለሁ፣ ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ድምፄ የሌላ ሰው ነው። አዲሱ ባሲስት እኮ እየጠበቀ ነው፣ ይላል ድራመሩ፣ ለቅዳሜ ሥራ አለን፣ ምን ልበለው? ሌላ ይፈልግ፣ ይላል ባሌ። ድራመሩ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አንዴ እንጨቱን አየ፣ ከዚያ ያንን ባዶ ቦርሳ አጠፈው፣ ለሁለት፣ ለአራት፣ ብብቱ ሥር አስገባው። እሺ ምሰሶ፣ አለ። ቡና እንኳ ሳልል፣ ሳልሸኘው ሄደ፣ መኪናዋ ተነሳች፣ ራቀች።

ደስ ሊለኝ ይገባል። እዚህ ቦታ ላይ ደስ ሊለኝ ይገባል፣ የለፋሁት ለዚህ አይደል፣ ይኸው አልሰጥም አለ፣ በአፉ፣ በሰው ፊት። ደስታው ግን የለም፣ እፈልገዋለሁ፣ የለም፣ ያለው ሌላ ነው፣ ግድግዳውን ይዤ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ይውሰደው ብዬ ነበር። ለራሴም ሳልናገር፣ መንገዱን ሙሉ፣ ያ ሁሉ ቀስ ማለት፣ ያ ሁሉ መስኮት ማየት፣ ስደርስ ተወስዶ ላግኘው ብዬ ነው፣ አለቅሳለሁ፣ ድራመሩን እረግማለሁ፣ ከዚያ እተኛለሁ፣ ማንም እኔን አይወቅስም፣ አልሆነም አይባልም፣ ወሰዱት ነው የሚባለው። አሁን የሚወስደው የለም። አሁን እንጨቱ፣ ሽቦው፣ ክሩ፣ ጣቱ፣ ሁሉም እዚህ ነው፣ ባይሆን ያልሆነው በኔ እጅ ነው፣ በሱም።

ይሄ ምንድን ነው? ይላል፣ በቀኝ ጣቱ ክቦቹን እያሳየ። ሳሙና፣ እላለሁ። ሳሙና? ሳሰምር፣ እጄ ለምዶ፣ እንጨት መሆኑን ረስቼ። አይስቅም። ክቦቹን አንድ በአንድ ያያል፣ እንደ ሰው ቁስል፣ ብዙ ጊዜ ያያል፣ ቀሚሶቹ በነፋሱ ይነቃነቃሉ፣ ከዚያ እንጨቱን እንጂ እኔን ሳያይ፣ ባይሆንስ? ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ይሆናል ልለው አፌ ድረስ መጣ፣ የምታክመው ሐኪም እንደዚያ በዪው ብላኛለች፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምለው፣ እግርህ ይመለሳል፣ እጅህ ይመለሳል፣ በርታ፣ ደከመኝ፣ ዛሬ በርታ የምል ጉልበት የለኝም። አላውቅም፣ አልኩት። እውነቴን ነው፣ አላውቅም። አንዱን ክብ በጣቱ ነካው። እኔም፣ አለ።

ከዚያ ያን አውርጂልኝ አለኝ። ተነሳሁ፣ ከሽቦው ፈታሁት፣ ጭኑ ላይ አጋደምኩለት፣ ከባድ ነው፣ ረስቼው ነበር እንዴት እንደሚከብድ። በቀኝ እጁ ግራ እጁን አነሳው፣ እንደ ዕቃ፣ አንጓውን ይዞ፣ እንጨቱ ላይ አስቀመጠው፣ እንዳይንሸራተት ክብደቱ ይያዘው ብሎ ነው፣ ከዚያ ወረቀቱን አለኝ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን፣ መጀመሪያ በቲነር ነው አልኩት፣ ቲነሩን በጨርቅ አርጥቤ ሰጠሁት፣ ጠረገ፣ ጨርቁን እያየ ጠረገ፣ ከዚያ ወረቀቱን አጠፍኩለት፣ በሦስት ይታጠፋል፣ እንደዚህ፣ ይዞ ማሸት ጀመረ፣ ከሳሙናው ቦታ ጀምሮ። ኽሽ። ኽሽ። ተመልሼ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬን ለማሽኑ እግር ሰጥቼ። ሦስት ዩኒፎርም አለብኝ፣ ትንሽ ልቀመጥ፣ ትንሽ ብቻ። ሲያሽ አቧራው ተረከዜ ላይ ያርፋል፣ አላራግፈውም፣ ዓይኔ ይከደናል፣ ገልጬው ደግሞ ይከደናል፣ ኽሽ፣ ኽሽ፣ ያቆማል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ይቀጥላል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው እለዋለሁ፣ ወይም ያልኩት ይመስለኛል፣ ከእንጨቱ መስመር ጋር፣ አትጫነው፣ ዝም ብሎ ይሂድ፣ አዎ፣ እንደሱ